በሰማይ የሚጠራበት ስም

ናይሮቢ ውስጥ፣ ማታቱ የሚሏቸውን ሚኒባስ ታክሲዎች ወንበር እየሰፋሁ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጥግ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ ነበረችኝ። ስፖንጅ እቆርጣለሁ፤ የተቀደደውን ፕላስቲክ ገፍፌ አዲስ እወጥራለሁ፤ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ «ሃራካ፣ ሃራካ» እያለ ያጣድፈኛል። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ፣ ከመኪና ወንበር ሥር ከሚወጣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። እንደኔ ብቻውን የተማረ ሰው ያወቀውን ነገር እንደ ንብረቱ ያየዋል፤ ሲነኩበት ይቆጣል። በቤቴ ውሸት አይነገርም ነበር። ልጆቼ ሰኞ የነገሩኝን ዓርብ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ካልገጠመ ይቀጣሉ።

ስለ ሰማይ ግን እንደ ልብ እናወራ ነበር። በደርግ ዘመን ናይሮቢ የተጠለለ ሰው ስለ ምን ያውራ? አገር ከተነሣ ባለቤቴ ታለቅሳለች፤ ፖለቲካ ከተነሣ እንግዳው ይቀየማል። ስለዚህ እሑድ ከምሳ በኋላ ስለ ሰማይ እናወራለን። ባለቤቴ ተስፋ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ ቤት መቀየር የለም። ከመጣን ጀምሮ እቃ እያሰረች እየፈታች ሰልችቷታል። ትልቋ ልጄ እዚያ ኪፓንዴ፣ ማለት መታወቂያ፣ የሚጠይቅ ፖሊስ እንደማይኖር እንዳረጋግጥላት ትፈልጋለች። ትንሿ ደግሞ አንድ ቀን «በሰማይ ስዋሂሊ ይቻላል ወይስ አማርኛ ብቻ ነው?» ብትለኝ ሳህን እንድታጥብ ላክኋት። እኔ ሰማይን የማስበው በሥርዓቱ ነበር፤ መላእክት በየማዕረጋቸው ቆመው፣ ጻድቃን በየስማቸው እየተጠሩ ሲገቡ። ግፊያ የለም፤ ልመና የለም።

አብሮን የሚኖር አንድ ወጣት ነበር። አልጋው ከዋናው ክፍል በመጋረጃ የተከለለ ስለሆነ ወሬያችንን ሁሉ ይሰማል። አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ደርግ ከሚያሳድዳቸው አንዱ ስለሆነ በሞያሌ በኩል ሸሸ። ያሻገረችው ኢስትሊ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ያገራችን ሴት ናት። የወንድሜ ልጅ ነው ብላ፣ የእስላም ስም አውጥታ፣ ኮፍያ አስደፍታ ነው ያሳለፈችው። ከዚያ ወዲህ እሱ «አክስቴ» ይላታል፤ ወረቀቱም ሁሉ በዚያ ስም ወጣ፤ እኛም በዚያው እንጠራዋለን።

በደህናው ጊዜ ስለ ሰማይ ስናወራ ከመጋረጃው ወዲያ ይተነኩሰኛል። «ጋሼ፣ እዚያም ቀበሌ አለ እንዴ?» ይላል። እኔም በቤቴ እንደዚህ አይቀለድም እለዋለሁ። እሱም «ይቅርታ፣ ለሊቀመንበሩ እንዳይነግሩብኝ» ይላል፤ ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ከዚያ ጉበቱን ታመመ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ክንዱ እየከሳ ሆዱ ተነፋ። ሆስፒታል ብዙ ከተኛ በኋላ ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ «ወደ ቤት ውሰደው» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ታክሲ ውስጥ ልጁ ፊቴን አየና እሱም አልጠየቀኝም።

ከሆስፒታል ከተመለሰ የመጀመሪያው እሑድ ነው። እንደ ልማዴ ለልጆቹ ስለ ጻድቃን አገባብ ስነግር ከመጋረጃው ወዲያ ድምፁ መጣ።

«ጋሼ፣ በየትኛው ስማቸው ነው የሚጠሩት?»

«በክርስትና ስማቸው ነዋ።»

«የማያውቀውስ?»

«ስሙን የማያውቅ ክርስቲያን አለ?»

«አለ» አለ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ ነግራዋለች፤ እሱ ግን አልያዘውም። የክርስትና ስም ለቁርባንና ለጸሎት ካልሆነ በየቀኑ አይነሣም፤ እሱ ደግሞ ከቁርባኑም ከጸሎቱም ከወጣ ቆይቷል። «ሦስት ስም አለኝ» አለ። «አንዱን እናቴ አወጣችልኝ፤ አንዱን አክስቴ አወጣችልኝ፤ የሚያስፈልገኝን አላውቀውም። ቢጠሩኝ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዝም እላለሁ።»

«እግዚአብሔር ያውቅሃል» አልኩት።

«እሱማ ያውቀኛል። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

መጋረጃውን መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሥራዬን ዘግቼ ካሳራኒ ወደሚባል ሌላ የናይሮቢ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ያገራችን አንድ ሽማግሌ ካህን ነበሩ፤ እንደኛው ተሰደው መጥተው የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆነዋል። ናይሮቢዎች አስካሪ የሚሉት ነው። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገሩን ነገርኳቸው።

«ሌላ ስም ሊያወጡለት አይችሉም?» አልኩ።

«ሁለተኛ ጥምቀት የለም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ይፍቱት።»

«እግዚአብሔርማ ያውቀዋል። ስሙን ዘልዬ ብደግም እሱ አይቸገርም። የሚቸገረው ታማሚው ነው። አጠገቡ ቆሜ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ላይ ስደርስ ዝም ማለቴን ይሰማል። ያን ጊዜ ምን ይሰማዋል?» ከዚያ «እናቱ አለች?» አሉኝ።

«አለች፤ አዲስ አበባ።»

«ታዲያ ጠይቋት» አሉና፣ ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ፊታቸው ተለወጠ። «እንዴት አድርጋችሁ እንደምትጠይቋት ግን እኔን አትጠይቀኝ።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ስመለስ በማታቱው ላይ ሆኜ ገባኝ። ከልጇ ከተለየች ስንት ዘመኗ የሆነች እናት፣ አንድ ሰው በሯን አንኳኩቶ የልጅሽ የክርስትና ስም ማነው ቢላት ምን ትሰማለች? ለፍትሐት እንደተፈለገ ነው የምትሰማው። ስሙን ስንጠይቃት መርዶ ነገርናት ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ገና ነፍሱ አልወጣችም።

ነጋዴዋ ጨርቅ ልታመጣ በሞያሌ በኩል አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር። ደብዳቤ በፖስታ ቤት አይታሰብም፤ የሸሸ ልጅ ያላትን እናት ደብዳቤ ከሷ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል። ስለዚህ ነጋዴዋን ቤት ጠራናት። እኔ ራሴ የሰፋሁት ሶፋ ላይ ተቀመጠች፤ ባለቤቴ ሻይና ማንዳዚ አቀረበች።

«እኔ ባወጣሁለት ስም ቢገባስ?» አለች ነጋዴዋ። «በስሜ ሞያሌን አልፏል። ጀነትም ቢያልፍበት ግድ የለኝም፤ በሩ ላይ ቆሜ እመሰክርለታለሁ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ግን ወደ ሳል ተለወጠ።

«ቀልዱን ተዪው፣ እህቴ» አልኩ። «እውነቱን ንገሪያት። ልጅሽ ታሟል፣ ካህን ሊጸልይለት ስሙን ፈልጓል በያት።»

ሁለቱም ሴቶች እኔን አዩኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ መርዶ ተነግሮህ አያውቅም?» አለች ነጋዴዋ። «በኛም በናንተም መርዶ ነጋሪ ገብቶ መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው? ትንሽ አሞታል ነው የሚለው። ታሟል ብዬ ከገባሁ ገና ሳልቀመጥ ትጮሃለች። ከዚያ በኋላ አልሞተም ብዬ ብምል ማን ያምነኛል?»

እውነቷን ነው። እውነቱን ብንናገር ውሸት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆይታ «ሊያገባ ነው በያት» አለች። «በተክሊል ሊጋባ ነው፤ ካህኑ ስሙን ይፈልጋል በያት። ለዚያም እኮ ስሙ ይጠየቃል።»

«በዚህ ቤት?» አልኩ።

«ታዲያ በየት ቤት?»

«ለሰማይ የሚሆን ስም በውሸት አይመጣም።»

ያን ጊዜ ልጁ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በእውነት የሚመጣበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ» አለ።

 ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ውስጥ ቆሞ ወይ እሺ ወይ እምቢ ይላል። እኔ መቀሴን አንስቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አልፈቀድኩም፤ አልከለከልኩምም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ሙሽራዪቱ የድሬዳዋ ልጅ ናት» አለችኝ። ከማን ጋር እንደተማከረች አልጠየቅሁም። ልጁ እናቱ ብቻ በቤት ውስጥ የምትጠራበትን የቁልምጫ ስም ለነጋዴዋ ነግሯታል፤ እናትዮዋ እንድታምናት።

ነጋዴዋ ሄደች፤ ዝናቡም ገባ። የሞያሌ መንገድ በዝናብ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሄደበት ያውቀዋል፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ሰው ሜዳ ላይ ያድራል። ልጁ በየቀኑ እየቀለለ መጣ፤ ሳገላብጠው ስፖንጅ ያነሣሁ ይመስለኝ ነበር። ከሰሜን የመጣ ሎሪ ኢስትሊ በገባ ቁጥር መርፌዬን ጥዬ እወጣለሁ። ከብት ሲያራግፉ አይቼ እመለሳለሁ። በዚያ ሰሞን የአንድ ማታቱ የወንበር ልብስ በሙሉ አጥሮብኝ እንደገና ሠራሁት። ሾፌሩ «ምዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ዓይንህ ደከመ?» አለኝ። ዓይኔ ደህና ነበር።

ሁለት ነገር እፈራ ነበር። አንደኛው ስሙ ሳይደርስ እንዳይሞት ነው። ሁለተኛውን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስሙ ደርሶስ? በውሸት የመጣ ስም እዚያ ዘንድ ይቆጠራል? ልጆቼን ለትንሿ ውሸት ስቀጣ ኖሬ፣ አሁን በቤቴ የተጋገረች ውሸት የአንድ ሰው ነፍስ ተሸክማ በጭቃ መንገድ ላይ ናት።

ልጁ በበኩሉ መጠየቁን አልተወም። ከሥራ ስገባ አጠገቡ ያስቀምጠኛል።

«እዚያ ሰው ሰውን ያውቃል፣ ጋሼ?»

«ያውቃል ብዬ አምናለሁ።»

«አብረውኝ የነበሩት ልጆችም አሉ? የተገደሉት? ብዙዎቹ እንደኔ ነበሩ፤ እግዚአብሔር የለም ይሉ ነበር።»

«አላውቅም።»

«እርስዎ አላውቅም ይላሉ እንዴ?»

«አሁን ጀመርኩ» አልኩት።

«ከሌሉ» አለ፣ «ገብቼም ማንን አወራለሁ?»

ቀድሞ ቢሆን ስለ ትዕቢትና ስለ ንስሐ ረጅም ተግሣጽ እሰጠው ነበር። ያን ቀን ውኃ ሰጠሁት።

ነጋዴዋ የመጣች ዕለት ቀጥታ ወደ እኔ መሥሪያ ነው የመጣችው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቆባታል። «ቶሎ ተቀበለኝ፤ ሊያመልጠኝ ነው» አለችና ስሙን በጆሮዬ ነገረችኝ። ወረቀት ላይ ልትጽፈው ፈርታ በቃሏ ይዛው ነው የመጣችው። «ወላሂ፣ እኔ ሙስሊሟ ሴት ከአዲስ አበባ እስከዚህ የናንተን ስም ሳነበንብ ከረምኩ። ሎሪው ላይ ያሉት ሰዎች ያበድኩ መስሏቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ።»

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የእሱ ነው።

ቤት ስንደርስ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ነገረችው። ልጁ ስሙን አንድ ጊዜ በዝግታ አለው፤ ከዚያ ደግሞ አለው። እንደ አዲስ ጫማ እየሞከረው ይመስል ነበር። ከዚያ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ማን?»

«እናቴ ናታ።»

ነጋዴዋ ወደ ባለቤቴ አየች። «እልል አለች» አለች። «ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በትራስ ይዛ እልል አለች። ከዚያ ዘሯ ማነው፣ ሙያ አላት ወይ፣ ትከባከበዋለች ወይ እያለች ስታጣድፈኝ አመሸች። እኔም ልጅቷን ሞሸርኳት። ቀይ ዳማ ናት አልኩ፤ ዝምተኛ ናት አልኩ።» ከጓዟ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጥልፉ ከአንገት እስከ እግር የወረደ የሐበሻ ቀሚስ ነው። «ይኸውና ለምራቷ ልካለች። የራሷ የሠርጓ ቀሚስ ነው።»

ማንም እጁን አልዘረጋም። በመጨረሻ ባለቤቴ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ልጁ ቀሚሱን ሲያይ ቆየ። «እንግዲህ እናቴም አንድ ቀን እዚያ ትመጣለች» አለ። «ስታገኘኝ መጀመሪያ የምትለኝ ሚስትህ የታለች ነው።»

ነጋዴዋ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ አዋቂው፣ በናንተ በሰማይ ቤት ማግባት አለ?»

«የለም» አልኩ። «አያገቡም፤ አይጋቡም። እንደ መላእክት ናቸው።»

«ይኸው» አለችው ልጁን። «በዚህ በኩል ተርፈሃል።»

ልጁ ሳቀ። ሲስቅ አመመውና ሆዱን ያዘ፤ ግን ሳቀ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሰማይ ሲቀለድ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ካህኑ ከዘበኝነታቸው ፈቃድ ጠይቀው መጡ። ንስሐውን ተቀብለው፣ በነጠላቸው ተከናንበው፣ ሲጸልዩ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ «አቤት» አለ። ካህኑም ጸሎቱን ቀጠሉ። በሰላም አረፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሰቃየ፤ በስቃዩ መሀል የማናውቃቸውን ልጆች ስም ይጠራ ነበር። ሆኖም ስለ ራሱ ስም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ስንቀብረው መስቀሉ ላይ የተጻፈው ነጋዴዋ ያወጣችለት ስም ነው፤ የመቃብር ሠራተኛው ከወረቀቱ ውጭ አልጽፍም ስላለ። ካህኑ ግን በትክክለኛው ስም ፈቱት። ነጋዴዋ ከሴቶቹ ራቅ ብላ በራሷ ጸሎት እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር። ፍትሐቱ እየተደገመ እኔ የማስበው ግን ስለ እናቱ ነው። ምናልባት በዚያች ሰዓት ለምታምናት ጎረቤት ስለ ድሬዳዋዪቱ ምራቷ እየነገረች ይሆናል።

ነጋዴዋ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል ቀሚሱን ከሣጥን አውጥቼ ቤቷ ድረስ ይዤላት ሄድኩ። ሻንጣዋን እያሰረች ነበር።

«ይህን መልሽላት» አልኩ። «ሞቷል፤ ሠርግም አልነበረም በያት። አሁን የሚያስዋሽ ነገር የለም።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«በአንድ ቀን?» አለች። ገመዱን ለቀቀችው። «አንተ ልጅ ወልደሃል፤ እኔም ወልጃለሁ። ልጅሽ ሞተ ስላት የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች። ሚስት ነበረችው፣ ሳይደሰት አልሞተም ትላለች። ያን ደግሞ ከእጇ ልንጠቃት?»

«እውነት ነው የሚያጽናናው» አልኩ። ስናገረው እንኳ ድምፄ እንደ ወትሮው አልነበረም።

ቀሚሱን ሻንጣዋ ላይ አስቀመጥኩት። አነሣችና መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

«አንተ እዚያ እገባለሁ ብለህ ታምናለህ አይደል?» አለችኝ። ስትቀልድ አልነበረም። «እንግዲያው ራስህ ስጣት። ስትገናኙ ንገራት። እዚያ እንባ የለም ስትል ሰምቼሃለሁ፤ እዚያ ትችለዋለች።»

በማግስቱ ሄደች። ለእናትዮዋ የቱን እንደነገረቻት፣ አንዱን ይሁን ሁለቱን፣ ስትመለስ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ቀሚሱን ባለቤቴ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከምሳ በኋላ ልጆቼ ስለ ሰማይ ንገረን ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ ተስፋዬንም አልተውኩም። ነገር ግን ስለ በሩ ሳወራ አንዲት መልኳን አይቼ የማላውቃት ሴት ከውስጥ ቆማ ምራቷን ስትጠብቅ ትታየኛለች፤ ምን ብዬ እንደምጀምርላት እስካሁን አላገኘሁም።